የመኪናዬን ባትሪ ብፈታ ኤሌክትሪክ ይይዘኛል ወይ?

ጥያቄ፦ «ሐምሌ መግቢያ ላይ ልጄን ላርስ አሜሪካ እሄዳለሁ። የምመለሰው ለመስቀል ነው። ቪትዟ ግቢ ውስጥ ትቆማለች። ባለፈው ዓመት አንድ ወር ብቻ ቆማ ባትሪዋ ሞቶ ነበር የጠበቀችኝ። ዘንድሮ ባትሪውን ፈትቼ ልሂድ ስል ወንድሜ መጀመሪያ ጥቁሩን ፍቺ ይለኛል። የጎረቤት ልጅ ደግሞ ኃይሉ ያለው ቀዩ ላይ ስለሆነ እሱን ያስቀድሙ ይላል። እኔ ኤሌክትሪክ እንዳይዘኝ እፈራለሁ። ራሴ ልሞክረው ወይስ መካኒክ ልጥራ?»

በቅድሚያ ልጅዎን ማርያም በሽልም ታውጣት።

መልሱን አላጓትትም። ወንድምዎ ልክ ነው። መጀመሪያ የሚፈታው ጥቁሩ፣ ማለትም ነጌቲቩ ነው። የእርስዎ ጉዳይ እንዲያውም ከዚህም ይቀላል። ጥቁሩን ብቻ ፈትተው፣ ቀዩን ጨርሶ ሳይነኩ፣ ባትሪውንም ከቦታው ሳያነሱ መሄድ ይችላሉ። መካኒክ አያስፈልግዎትም። አንድ የ10 ቁልፍ (ባለ 10 ሚሊ ሜትር የቡሎን መፍቻ)፣ ደረቅ ጨርቅና ሩብ ሰዓት ይበቃል።

እዚህ ላይ ባቆም ግን ያ የጎረቤት ልጅ ነገ ብቅ ብሎ ሐሳብዎን ያስቀይራል። ምክንያቱን ካወቁት እርስዎ ነዎት እሱን የሚያስተምሩት።

ከፍርሃትዎ እንጀምር። የመኪናዎ ባትሪ 12 ቮልት ነው። ውስጡ ስድስት ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ከ2 ቮልት ትንሽ በለጥ ያለ ይሰጣል። ሲደመሩ፣ ባትሪው ሙሉ ከሆነ፣ 12.6 ቮልት አካባቢ ይሆናሉ። ቤትዎ ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት ግን 220 ነው። ደረቅ ቆዳ ጥሩ መከላከያ ነው። 12 ቮልት ያንን አልፎ የሚገባ አቅም የለውም። ሁለቱን የባትሪ ጫፎች በሁለት ደረቅ እጅዎ ቢይዙ ምንም አይሰማዎትም። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ ከ12 ቮልት ባትሪ ላይ ኤሌክትሪክ የያዘኝ አንድም ቀን የለም። ሞተር እየሠራ የካንዴላ ገመድ ነክቼ ግን ወደ ኋላ ተወርውሬ አውቃለሁ። እዚያ ያለው በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። የእርስዎ ሞተር ስለሚጠፋ እሱ አያሳስብዎት።

ታዲያ ባትሪ ምንም አያደርግም ማለት ነው? ያደርጋል እንጂ። የሚያስፈራው ግን በሌላ በኩል ነው። ባትሪ ቮልቱ ትንሽ ቢሆንም አምፔሩ ብዙ ነው። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድዎ ሲሠራ 16 አምፔር አካባቢ ይስባል። የመኪናው ሞተሪኖ ግን ሞተር ለማስነሳት ለአፍታ ከ100 አምፔር በላይ ይጠይቃል። ባትሪው ያንን ሳይደክም ይሰጠዋል። አንድ ብረት ከፖዘቲቭ ወደ ነጌቲቭ ከተጋደመ ደግሞ ብዙ መቶ አምፔር በአንድ ጊዜ ይፈስበታል። የአንድ ምጣድ ሙሉ ግለት በአንዲት የ10 ቁልፍ ላይ ሲያርፍ ያስቡት። ቁልፉ ይቀላል። ይበየዳል። አንዳንዴም ከባትሪው ጋር ተጣብቆ እንቢ ይላል።

ጀማሪ ሳለሁ የብረት ማሰሪያ ያለው ሰዓት ነበረኝ። በጣም እወደው ነበር። አንድ ቀን ቀዩን እየፈታሁ ሳለ ሰዓቱ በአንድ በኩል ቁልፉን፣ በሌላ በኩል የመኪናውን ቦዲ ነካ። ነጌቲቩን አልፈታሁትም። ሁለት ሰከንድ አይሞላም። አንጓዬ ላይ ዛሬም የማሰሪያው ቅርጽ አለ። አለቃዬ በዚያ ቀን አንድ ቃል አልተናገረኝም። እጄን ውሃ ስር ከያዘልኝ በኋላ የራሱን የጋብቻ ቀለበት አውልቆ ኪሱ ሲከት ብቻ አየሁት።

አሁን ወደ ጥቁርና ቀዩ ክርክር እንመለስ።

የመኪናዎ ብረት በሙሉ ነጌቲቭ ነው። ኮፈኑም፣ ሞተሩም፣ ሻንሲውም፣ ባትሪውን ወጥሮ የያዘው ብረትም። ፋብሪካው ለእያንዳንዱ አምፖል ሁለት ገመድ ከመዘርጋት አንዱን ብቻ ዘርግቶ መመለሻውን በቦዲው አድርጎታል። ጥቁሩ ገመድ ከባትሪው ተነስቶ የሚታሰረው እዚያው ቅርብ ቦዲው ላይና ሞተሩ ላይ ነው።

ቀዩን አስቀድመው ሲፈቱ ታዲያ ቁልፍዎ ፖዘቲቭ ሆነ ማለት ነው። በዙሪያው ያለው ብረት ሁሉ ደግሞ ነጌቲቭ። ቪትዝ ውስጥ ያለውን ጥበት ያውቁታል። ቁልፉ ሲዞር ጭራው አንድ ቦታ መንካቱ አይቀርም። ያን ጊዜ እኔን የገጠመኝ ይገጥምዎታል። ጥቁሩን ካስቀደሙ ግን ቁልፍዎ ነጌቲቭ ነው፣ ዙሪያውም ነጌቲቭ ነው። የቀዩን ጫፍ እስካልነካ ድረስ ዙሪያውን ያለውን ብረት ቢነካ ምንም አይፈጠርም። ጥቁሩ አንዴ ከተፈታ ቦዲው ከባትሪው ጋር ያለው ግንኙነት ተቆርጧል። ከዚያ በኋላ ቀዩን ሲፈቱ ቁልፉ ቦዲውን ቢነካም ችግር የለም። ያ ልጅ «ኃይሉ ያለው ቀዩ ላይ ነው» ያለው ስህተቱ እዚህ ጋ ነው። ኃይሉ በአንዱ ገመድ ላይ አይቀመጥም፣ በሁለቱ መካከል ነው የሚዞረው። አንዱን ማቋረጥ ሁለቱንም ማቋረጥ ነው። ለዚህ ነው ጥቁሩን ብቻ ይፍቱ ያልኩዎት።

ቀለሙን ግን ብዙ አይመኑት። እኛ አገር ገመዱ ሦስት አራት ጊዜ የተቀየረ መኪና ሞልቷል። ሁለቱም ጥቁር የሆነበት፣ ነጌቲቩ በቀይ ፕላስተር የተጠቀለለበት አይቻለሁ። ባትሪው ላይ የተቀረጸውን የመደመርና የመቀነስ ምልክት ይፈልጉ። በአቧራ ከተሸፈነ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። ሌላም ማረጋገጫ አለ። የፖዘቲቩ ጫፍ ከነጌቲቩ ትንሽ ወፈር ይላል፣ አስተውለው ካዩት በዓይን ይለያል። ገመዱን በጣትዎ ተከትለው መጨረሻው በቡሎን ቦዲው ላይ ታስሮ ካገኙት ደግሞ ነጌቲቩ እሱ ነው።

ስለ ጋዙም ልንገርዎት፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ይወጣዋል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። አየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ አንዲት ብልጭታ ታፈነዳዋለች። ሲፈነዳ የፕላስቲክ ስብርባሪና አሲድ ነው ወደ ፊት የሚረጨው። ይህ በየቀኑ የሚሆን ነገር አይደለም፣ ሆኖ ግን አይቻለሁ። ስለዚህ መኪናዋን ነድተው እንደተመለሱ ወዲያው አይፍቱ። ኮፈኑን ከፍተው ጥቂት ያናፍሱት። ግቢ ውስጥ ቡና እየተፈላ ከሆነ ከሰሉን ራቅ ያድርጉት። የባትሪ ውሃ ለማየት ክብሪት የሚጭር ሰው ዛሬም አለ። ስልክ ሁሉ መብራት ባለው ዘመን!

አሲዱን በተመለከተ ጥቁሩን ብቻ ሲፈቱ እምብዛም አያገኝዎትም። ያም ሆኖ ዓይን አንድ ነገር ነው። የጸሐይ መነጽርም ቢሆን ያድርጉ። ጓንት ካለ ጥሩ ነው፣ የዕቃ ማጠቢያውም ይሆናል። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በሚወርድ ንጹህ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይታጠቡና ሐኪም ቤት ይሂዱ። ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ውሃ፣ አሁንም ውሃ። ልብስ ላይ ሲያርፍ ደግሞ በዕለቱ ምንም አይመስልም። በሚቀጥለው እጥበት ነው ሱሪው ወንፊት ሆኖ የሚወጣው። አሮጌ ልብስ ይልበሱ።

ከመፍታትዎ በፊት የሚደረጉ ነገሮች ከመፍታቱ ይበልጣሉ። በተለይ ለክረምት።

መስኮቶቹን ይዝጉ። ይህን በቅንፍ ሳይሆን በደማቁ ይያዙልኝ። ባትሪው ከተፈታ በኋላ የኤሌክትሪክ መስኮት አይወጣም። አንድ ደንበኛዬ የኋላውን መስኮት ጣት የምታስገባ ያህል ከፍቶት ሄዶ፣ ነሐሴ በሙሉ ወንበሩ ላይ ዘንቦ፣ ሲመለስ እንጉዳይ በቅሎ ጠብቆታል።

የበሩን ቁልፍ በእጅ ይሞክሩት። ሪሞቱ ባትሪ ሳይኖር አይሠራም። ስለዚህ መኪናዋ የምትቆለፈውም የምትከፈተውም ቁልፉን በሩ ቀዳዳ ውስጥ ከትቶ በማዞር ነው። ለዓመታት በሪሞት ብቻ ስለሚከፈት ያ ቀዳዳ የዛገበት ሰው ብዙ ነው። ካልዞረ አሁኑኑ ዘይት ያግኝ። ኮፈኑ የሚከፈተው ከውስጥ በሽቦ ስለሆነ ባትሪ አይፈልግም። በሩ ካልተከፈተ ግን ኮፈኑም አይከፈትም፣ ኮፈኑ ካልተከፈተ ባትሪው አይታሰርም። አዙሪት ነው። በፍጹም ቁልፉን መኪናዋ ውስጥ ረስተው በር አይዝጉ።

ቴፑስ? አንዳንድ ከጃፓን የመጡ ቴፖች ባትሪ ከተቋረጠ በኋላ ሲበሩ ኮድ ይጠይቃሉ። ኮዱ የመኪናዋ መጽሐፍ ውስጥ ወይም የሸጠልዎት ሰው ዘንድ ካለ ይጻፉት። ከሌለ ደግሞ ዝም ያለ ቴፕ ይዘው እንደሚመለሱ አስቀድመው ይወቁት። በእኔ በኩል ለአንድ ቴፕ ብዬ ባትሪ አላስገድልም።

በኋላ የተገጠመ አላርም ካለዎት መጀመሪያ በሪሞቱ ያጥፉት። አንዳንዱ አላርም የራሱ ትንሽ ባትሪ አለው። ዋናው ባትሪ ሲፈታ ሌባ መጣ ብሎ ነው የሚጮኸው። ሰፈሩ ሁሉ ይወጣል። የማጥፊያውን ቁልፍ ከሲሪኑ ጎን ይፈልጉ። እሱም ካልሆነ ይህን አንዱን ለመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይተዉለት።

አቋቋሟን በሚመለከት፣ ሜዳ ቦታ ያቁሟት። ማኑዋል ከሆነች አንደኛ ማርሽ፣ አውቶማቲክ ከሆነች ፓርክ ላይ ያድርጓት። ጎማዋ ስር ድንጋይ ያድርጉ። የእጅ ፍሬኑን ሦስት ወር ሙሉ ስቦ መተው አልመክርም። በክረምት እርጥበት ይይዛልና ለመስቀል ሲመለሱ አልላቀቅም ይላል። አውቶማቲክ መኪና ያለ ባትሪ ከፓርክ ማውጣት ራሱ ጣጣ ስለሆነ የሰው መውጫ የምትዘጋበት ቦታ ላይ አይተዋት።

አንድ ነገር ቀረ። ባትሪውን ሙሉ አድርገው ይተዉት። ባትሪ ባዶ ሆኖ ሲቆም ውስጥ ያሉት ሳህኖች ላይ ሰልፌት የሚባል ነጭ ነገር ይጋገራል። ከቆየ አይለቅም፣ ባትሪውም የቀድሞ ጉልበቱን አያገኝም። በመሄጃዎ ዋዜማ ቦሌ ደርሶ መልስ በትራፊክ ውስጥ መንዳት አይቆጠርም። ቢሾፍቱ ድረስ ሄደው ይመለሱ፣ አንዱ መንገድ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ያለው ሰው ካገኙ በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ይለካልዎት። 12.6 ከሆነ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው፣ ቻርጅ ይፈልጋል። 12 እና ከዚያ በታች ከሆነ ባትሪው አርጅቶ እንደሆነም ያስመርምሩ።

አሁን መፍታቱ። ቀለበት፣ ሰዓት፣ አምባር፣ ረጅም የአንገት ሐብል፣ ሁሉም ይውለቅ። ነጠላም ቢሆን ከተንጠለጠለ ይታጠፍ። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ከመሪው ይውጣ። መብራት ሁሉ ይጥፋ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ኮምፒዩተሯ ትተኛ። የነጌቲቩን ዳዶ በ10 ቁልፍ ወደ ግራ አንድ ሁለት ዙር ያላሉት። ጨርሶ ማውጣት አያስፈልግም። የገመዱን ራስ ይዘው ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ወደ ላይ ይሳቡት። ይወጣል።

እንቢ ካለ አይጣሉት። በካቻቢቴ ከስር ፈልቅቆ ማንሳት፣ በመዶሻ ማንኳኳት፣ ሁለቱንም ሰው ሳይነገረው ያደርገዋል፣ እርስዎ ግን አያድርጉት። ጫፉ እርሳስ ነው፣ ለስላሳ ነው። ከተነቃነቀ ከሥሩ አሲድ ያስለቅቃል፣ ባትሪውም ያበቃለታል። ሙቅ ውሃ ቀስ ብለው ያፍስሱበትና ደቂቃ ጠብቀው እንደገና ያወዛውዙት። በገመዱ ራስና በጫፉ መካከል ተጠቅልሎ የገባ ቆርቆሮ ካገኙ አይደንግጡ። የጃፓን ባትሪዎች ጫፋቸው ቀጭን ስለሆነ የወፍራሙ ገመድ ራስ ሲሰፋባቸው ሠራተኞች እንዲህ ያጠብቡታል። ጥሩ ሥራ አይደለም። ሲመለሱ ትክክለኛውን ራስ ያስቀይሩ።

ገመዱ ከወጣ በኋላ ወደ ጎን ይቆልምሙት። ወፍራም ገመድ እንደ ምንጭ ነው፣ ሲለቁት ወደ ነበረበት ይመለሳል። ተመልሶ ባትሪውን ከነካ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ራሱን አሮጌ ካልሲ ያልብሱት፣ በላዩ ፌስታል ይጠቅልሉ፣ በክር ከባትሪው አርቀው ይሰሩት። የእኔ ዘዴ ካልሲ ነው። እስካሁን አላሳፈረኝም። አለቀ። ኮፈኑን ዘግተው በሩን በእጅ ቁልፍ ቆልፈው ይሂዱ።

ባትሪውን ጨርሶ አውጥቼ ቤት ላስገባው ካሉ ከጥቁሩ በኋላ ቀዩ ይፈታል፣ ከዚያ ወጥሮ የያዘው ብረት። የቪትዝ ባትሪ አስር ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ ሳይዘነበል ነው የሚነሳው። ለምን እንደሚደክሙ ግን አይገባኝም። የአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ለቆመ ባትሪ ጥሩ ነው። ተፈትቶ የቆመ ጤነኛ ባትሪ በወር ጥቂት በመቶ ነው በራሱ የሚወርደው። ድሬዳዋ ቢሆን ኖሮ ሙቀቱ ያፋጥነዋልና ሌላ ምክር እሰጥዎ ነበር። በነገራችን ላይ «ሲሚንቶ ላይ ከተቀመጠ ይሞታል» የሚባለው ለዛሬ የፕላስቲክ ባትሪ አይሠራም። የጥንቱ የእንጨት ቤት በነበረው ጊዜ የቀረ ወሬ ነው።

ባለፈው ዓመት በአንድ ወር ለምን ሞተ ላሉት፣ መኪና ቆማም ትበላለች። ሰዓቱ፣ ኮምፒዩተሩ፣ የሪሞቱ መቀበያ፣ አላርሙ ሌሊቱንም ንቁ ናቸው። ጤነኛ መኪና ከ20 እስከ 50 ሚሊ አምፔር ትወስዳለች። 30 እንበል። በቀን 0.7 አምፔር ሰዓት፣ በወር ከ20 በላይ ይሆናል። የቪትዝ ባትሪ 40 ገደማ ስለሆነ ግማሹ ሄደ። አላርም ሲጨመርበት፣ ባትሪውም ትንሽ ያረጀ ከሆነ፣ መጨረሻው ያዩት ነው። ለሦስት ወር ደግሞ ሂሳቡ ከባትሪው አቅም በላይ ይሄዳል።

«የእህቴ ልጅ በሳምንት አንዴ ቢያስነሳልኝስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። አስር ደቂቃ ቆሞ መሥራት ለማስነሳት የወጣውን እንኳ በደንብ አይመልስም። ግማሽ ሰዓት ከነዳት ይረዳል። ግማሽ ሰዓት ብቻ የሚነዳ የእህት ልጅ ካለዎት እግዚአብሔር ይመስገን።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ ልኮንን። ዲናሞ (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ዕቃ) መሥራት አለመሥራቱን ለማየት ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን የሚነቅሉ ሠራተኞች አሉ። «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» ይላሉ። በድሮ መኪና ያዋጣ ነበር ይሆናል። በዛሬዋ መኪና ግን ባትሪው እንደ ትራስ ነው፣ የዲናሞውን ጫና ውጦ የሚያረጋጋው እሱ ነው። በድንገት ሲነቀል ቮልቱ ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ይዘላል። ኮምፒዩተሩ የተቃጠለበት መኪና ሁለት ጊዜ መጥቶልኛል። ሁለቱም ባለቤቶች «ለምርመራ ብቻ ነው የነቀሉት» ነበር ያሉኝ። ቴስተር ባትሪው ላይ አድርጎ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ማየት በቂ ምርመራ ነው። ማንም ሰው እርስዎ ፊት እንዲያ ሊያደርግ ቢል ቁልፉን ይቀበሉት።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የያዙም ይጠይቁኛል። እዚያም ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አለ። ከዚህ በላይ ያልኩት ግን ለእነሱ እንዳለ አይሠራም። የየመኪናው አሠራር ይለያያል፣ መጽሐፉ የሚለውን ይከተሉ። ብርቱካናማ ገመድ ካዩ እጅዎን ይሰብስቡ። እሱ ይይዛል፣ ይገድላልም።

ለመስቀል ሲመለሱ መጀመሪያ ጫፎቹን ይመልከቱ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከተጋገረ በአፍዎ እፍ አይበሉት፣ እርሳስ አለበት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቢካርቦኔት በብርጭቆ ውሃ በጥብጠው በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ይጥረጉት። አረፋ ያወጣል፣ ያ ጥሩ ምልክት ነው። የባትሪው ክዳን በደንብ የተዘጋ ይሁን፣ ውስጥ እንዳይገባ። ኮካ የሚያፈሱም አሉ፣ ያጸዳል፣ ስኳሩ ግን ይቀራል፣ ጉንዳንም ይጠራል። ሲደርቅ ገመዱን ያስገቡና ዳዶውን ያጥብቁ። ከታሰረ በኋላ ቫዝሊን በስሱ ይቀቡት። በእጅ ሲያዞሩት የሚነቃነቅ ከሆነ አልጠበቀም። እንደ ጎማ ቡሎን ግን አይታገሉት። ሁለቱንም ፈትተው ከነበረ ሲመለስ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፣ ቀዩ ቀድሞ፣ ጥቁሩ መጨረሻ። ጥቁሩ ሲነካ ትንሽ ጠብ የሚል ብልጭታ ቢያዩ የተለመደ ነው። ትልቅ ከሆነና ከጮኸ የሆነ ነገር በርቶ ቀርቷል፣ ወይም ሌላ ጥፋት አለ። ያቁሙና ይመልከቱ።

አልነሳም ካለች ከጎረቤት መኪና ባትሪ በኬብል ኃይል ያበድሩዋት። ቀይ ከቀይ ይታሰራል። ጥቁሩ ከአበዳሪው ነጌቲቭ ተነስቶ የመጨረሻው ጫፍ በእርስዎ ሞተር ብረት ላይ ያርፋል። የሞተው ባትሪ ላይ አይሁን፣ ብልጭታው ከጋዙ እንዲርቅ ነው። አውቶማቲክ ከሆነች ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ቢገፋትም አትነሳም። ልጆቹን አያድክሟቸው። ባትሪው ጨርሶ ካለቀ አሮጌውን ለቁራሌው አይስጡ። ግቢ ጥግ ላይ ሰብሮ አሲዱን አፈር ላይ ያፈሰዋል፣ እርሳሱም እዚያው ይቀራል። አዲስ ሲገዙ ብዙ ሻጮች አሮጌውን ይቀበላሉ፣ ዋጋም ይቀንሱልዎታል። በጃፓን ባትሪ ላይ ከቁጥሩ መጨረሻ ኤል ወይም አር የሚል የላቲን ፊደል ካለ አዲሱም ያው ፊደል ይኑረው። የፖዘቲቩ ጫፍ በየት በኩል እንደሆነ የሚናገር ነው። ካልተመሳሰለ ገመድዎ አይደርስም።

ከተነሳች በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ሞተሩ ከፍ ዝቅ ቢል አይስጉ፣ ኮምፒዩተሯ የረሳችውን እየለመደች ነው። በአንድ ንክ ራሱ የሚወጣው መስኮትም ይረሳል። ማብሪያውን ወደ ላይ ስበው እስኪዘጋ፣ ከተዘጋም በኋላ ሁለት ሰከንድ ያህል ይያዙት። ሰዓቱም እንደ አዲስ መቁጠር ጀምሮ ይጠብቅዎታል። በኢትዮጵያ ይሙሉት ወይ በፈረንጅ፣ ያኛው የእርስዎ ነው።